መርዶ ያጣ ሞት

አልታየች ልጇ መሞቱን ካወቀች ከርማለች። የቸገራት የሚያረዳት ሰው ማጣት ነው።

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ደግሞ ያልሰማ የለም። መናኸሪያው አጠገብ ጨውና በርበሬ በጣሳ እየሰፈረች ትሸጣለች። ገና ብቅ ስትል ወሬው ይቋረጣል፣ ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ይጀምራል። ዋጋ የሚከራከራት ደንበኛ እንኳ ጠፍቷል። በርበሬዋ ያለ ክርክር የሚሸጥላት ሴት ምን እንደደረሰባት ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያሻም። አፍ የሚፈታው «አብሽሪ»፣ አይዞሽ፣ ለማለት ብቻ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ከወግዲ በሚኒባስ የመጣውም፣ «አብሽሪ አልታዬ፣ አንድ ቀን ይደውላል» ብሏት ያልፋል።

አንድ እሑድ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ትከሻዋ አውጥታ ከቤቷ ወጣች። ጎረቤቷ በዛች ከአጥሩ ወዲያ አየቻትና ሊጥ የነካ እጇን ሳትታጠብ ሮጣ ደረሰች።

«ምን ሆነሻል? ማን ሞተ ተብሎ?»

«ምንይችል ነዋ።»

«ዝም በይ! በገዛ ልጅሽ ታሟርቻለሽ?» ነጠላዋን ከላይዋ ገፍፋ ገለበጠችው። «ቅሬው ሳያረዳሽ? ሰው ምን ይላል?»

ነጠላው በሊጥ ተበላሸ። አልታየች ቤቷ ገብታ አጠበችው። ሌላ ምን ታድርግ?

ለነገሩ ቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድር፣ እንዲህ አልነበረም። ቀባሪው እሱ፣ ድንኳን ተካዩ እሱ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ መርዶ የሚያረዳውም እሱ ነበር። እንዲህ ያጠነከረው የሱፍያን ነገር ነው። ሱፍያን የሚባል የሰፈሩ ልጅ ወደ ሳውዲ ሲሄድ በረሃ ላይ ሞተ ተባለና ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ አልቃሽ ደረቷን መታች። ለቅሶው በደመቀበት ሰዓት የእናቱ ስልክ ጮኸ። ሱፍያን ነው፣ ከሪያድ። «እናቴ፣ ምንድነው የሚንጫጫው? ሠርግ አለ እንዴ?» አለ። እልልታው ካለፈ በኋላ ቅሬው የተበላውን ንፍሮም የፈሰሰውን እንባም መመለስ አቃተውና አፈረ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ አራጌ ያኔ ሕግ አወጡ፦ ወይ ሬሳ፣ ወይ ሲሞት በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው፣ ወይ የመንግሥት ቃል። ከሦስቱ አንዱ ከሌለ ለቅሶ የለም።

ከምንይችል ጋር በባሕር ወደ ሳውዲ አብሮ የሄደው ሁዜይፋ ተርፎ ሲመጣ ቅሬው ፊት ቀርቦ ቃሉን ሰጥቷል።

«ጀልባው የተገለበጠው ሁለት ጎረቤት አገሮች በሚጣሉበት ውሃ ላይ ነው» አለ። «ደላላው በዚያ የወሰደን አውቆ ነው። እዚያ ማንም አይዛችሁም አለን። አልዋሸም፣ ማንም አልያዘንም። የአንዱ አገር ጠባቂዎች ከወዲህ፣ የሌላው ከወዲያ፣ መብራት አብርተው በየጀልባቸው ቆሙ። በድምፅ ማጉያ ይጯጯኻሉ።»

«ምን ይባባላሉ?»

«ከዚህ ቀደም ሳውዲ ሳለሁ የያዝኳት አረብኛ አለችኝ፣ ሰምቻቸዋለሁ። ሁልጊዜ ‹ውሃው የእኛ ነው› ሲባባሉ የኖሩት ሰዎች ያን ዕለት ‹የእናንተ ነው፣ እናንተ አውጧቸው› ይባባሉ ነበር።»

«ምንይችልስ?» አሉ ጋሽ አራጌ።

«አንድ ቢጫ ጀሪካን አብረን ይዘን ነበር። ማዕበል መጣ። ሲያልፍ ጀሪካኑን የያዝኩት ብቻዬን ነኝ።»

«ሲሞት አየኸው?»

«ጋሼ፣ ውሃ ውስጥ ሰው ሲሞት አይታይም እኮ።»

«አላየህም ማለት ነው» አሉ ጋሽ አራጌ፣ ዳኛ ናቸውና።

የቀረው የመንግሥት ቃል ነበር። ወረዳው አልታየችን ወደ ዞን ላካት። ደሴ ላይ አንድ ትሑት ወጣት ሠራተኛ ስልክ አነሳላት፤ ለአንደኛው አገር ተደወለ፣ ለሌላኛውም ተደወለ። አንደኛው «በእኛ ውሃ ላይ የሰጠመ ጀልባ የለም» አለ። ሌላኛውም ቃል ሳይለውጥ እንደዚያው አለ። ከዚያ ሁሉ ዘመን ጠብ በኋላ በአንድ ነገር ተስማሙ። ወጣቱ እንኳን ደስ ያለሽ ለማለት ጥቂት ሲቀረው ተወው።

አልታየችን ከሁሉ ያበገናት ግን ይህ አይደለም። የጋሽ አራጌ አያት ናቸው።

ጋሽ አራጌ ለቅሶ ቤት ሲመሽ ሐዘንተኛውን የሚያስረሱበት አንድ ወሬ አላቸው። አያታቸው ከታጁራ ወደብ ጠመንጃ በጀልባ ያሸሹ ነበር። ያኔ ኮንትሮባንድ አይባልም፣ ጀግንነት ነው የሚባለው። «ፈረንሳይና ጣሊያን ባሕሩን ገመድ ጥለው ተካፈሉት» ይላሉ። «ባሕር ላይ ገመድ! የት እንደወደቀች ራሳቸውም አያውቋት። አያቴ ፈረንሳዩ ሲያሳድዳቸው ወደ ጣሊያኑ ውሃ እልፍ፣ ጣሊያኑ ሲመጣ ወደ ፈረንሳዩ እልፍ! ማንም ከገመዷ አይሻገርም።» እዚህ ላይ ሐዘንተኛውም ይስቃል። አያትየው ካመጡት ውጅግራ ጠመንጃ አንዱ ዛሬም ጋሽ አራጌ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አለ። ምንይችል ከልጅነቱ ያንን ወሬ ሲሰማ ነው ያደገው። ሊሄድ ሲል እናቱን ያጽናናበትም እሱ ነው፦ «እማ፣ የጋሽ አራጌ አያት በተሻገሩበት ነው የምሻገረው።»

በመጨረሻ የቅሬው ስብሰባ ላይ ተነስታ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ የልጄን መርዶ ያርዱኝ።»

«እንዴት ብዬ አልታዬ? ነገ በሕይወት ቢመጣስ?»

«ቢመጣማ እኔ እናቱ አላዝንበትም።»

«ታስሮ ይሆናል እኮ።»

«በየትኛው አገር?»

«ከሁለቱ በአንዱ።»

«ሁለቱም የለም ብለዋል።»

«እሱማ ብለዋል።» ጋሽ አራጌ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አብሽሪ።»

በማግስቱ ሰማዩ መገርጣት ሲጀምር አልታየች ጋሽ አራጌ ደጃፍ ቆማ አንኳኳች። ቀስ ብላ፣ ቅሬው እንደሚያንኳኳው። ከውስጥ «ማነው?» ሲባል ዝም አለች። መርዶ ነጋሪ ከበር ውጭ ስሙን አይናገርም፤ ያን ዝምታ ደግሞ በዚህ አገር የማያውቀው የለም።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ አራጌ ጋቢያቸው መሬት ይጎተታል፣ አንድ እግራቸው ባዶ ነው።

«ያ ረቢ! ማን ሞተ?» ኩዌት ያለችው ልጃቸው ትዝ አለቻቸው። «ፊርደውስ ናት? ፊርደውስ ናት ወይ? ወይ ልጄን! ወይ ልጄን!»

«ፊርደውስ ደህና ናት» አለች አልታየች። «ምንይችል ነው የሞተው። እግዜር ያጽናዎት ጋሼ።»

ጋሽ አራጌ መቃኑን ይዘው ቁጭ አሉ። የወጣ ጩኸት ግን አይመለስም። ለፊርደውስ የተጀመረው ዋይታ ቀስ እያለ ለምንይችል ሆነና ቀጠለ። ጎረቤት ወጣ። የቅሬው ጥሩምባ ነፊ ከዳኛው ቤት ጩኸት ሰምቶ ሕግ የሚያገላብጥበት ጊዜ አልነበረውም፣ ነፋው። ጀምበር ወገግ ስትል ድንኳኑ ተተክሎ አለቀ፣ ጋሽ አራጌ ደጃፍ ላይ።

እዝን ይዞ የመጣው ሁሉ መጀመሪያ የሚያቅፈው እሳቸውን ሆነ። አልታየች በገዛ ልጇ ለቅሶ ተራ ጠበቀች። ሲደርሳት ደግሞ እንባዋ አልመጣ አለ። ደረቷን ብትመታም አልመጣ። ያን ያህል ጊዜ ተከልክሎ የኖረ እንባ ዛሬ ተፈቅዶልሃል ቢሉት እሺ አይልም።

መሸ። ጋሽ አራጌ፣ አፋቸው ስለለመደ፣ ጀመሩ።

«ያን ጊዜ እንግዲህ ፈረንሳይና ጣሊያን ባሕሩን ገመድ ጥለው... አያቴ ፈረንሳዩ ሲመጣ ወደ ጣሊያኑ...» ሁዜይፋ ከማዶ ቀና ብሎ ሲያያቸው ወሬውን አቋረጡት።

«ይቀጥሉ እንጂ ጋሼ» አለች አልታየች። «ማንም ከገመዷ አይሻገርም።»

«አይሻገርም» አሉ፣ ዝቅ ብለው።

«የአያትዎ ጀልባ ቢገለበጥ ኖሮስ? ማን ያነሳቸው ነበር?»

ጋሽ አራጌ ብዙ ለቅሶ ቤት ይህን አውርተዋል። ይህን የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት።

«ማንም» አሉ።

ጎረቤቷ በዛች ከሴቶቹ መሐል ተነስታ መጣች። የአልታየችን ነጠላ ከትከሻዋ አወረደች፣ አዘቀዘቀችው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አውጥታ መልሳ ደረበችላት። እንባው የመጣው ያኔ ነው።

ያን ሌሊት አብሽሪ ያላት ሰው አልነበረም።