ከታሽክራን በፊት የሚመጣ ስም

«ሪፋት ትባል» አሉ አክስት ዘሊሃ፣ ለሟች ወንድማቸው ነፍስ የሚታደለውን የዱቄት ሀላዋ እያማሰሉ። «የወንድሜ ስም ይቀጥል።»

«ሴት እኮ ናት አክስቴ» አለች አራሷ ነርሚን። «የሽማግሌ ቆብ ሊደፉባት ነው?»

ጎረቤቶቹ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ለቅሶ ቤት ነው፤ አይሳቅም።

መምህር ሪፋት ከተቀበሩ አምስት ቀን ሆኗል። ልጅቱ የተወለደችው በማግስቱ ነው። በተወለደች በሰባተኛው ቀን አባቷ ሰይፊ ስሟን በጆሮዋ መንገር አለበት። እሱ ግን ገና አልወሰነም።

ስም አጥቶ አይደለም። አባቱ መምህር ሪፋት ከመሞታቸው ሦስት ቀን በፊት ነግረውታል።

«ታሽክራን፣ ድንጋይ ፈላጭ፣ ከባድ የቤተሰብ ስም ነው። ከፊቱ ቀለል ያለ ይግባ። ሴት ከሆነች ላሌ በላት።»

በሸለቆው ትምህርት ቤት አርባ ዓመት በየማለዳው የተማሪ ስም ጠርተዋል፤ የተጠራው «አለሁ» ይላል። ልጅ የተወለደለት ሁሉ መዝገብ ቤት ከመሄዱ በፊት እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ዓይናቸውን ጨፍነው ስሙን ከቤተሰቡ ስም ጋር ሁለት ጊዜ ይጠሩታል፤ አንዴ በቀስታ፣ አንዴ እንደተቆጣች እናት። «ይሄ ይደናቀፋል» ወይም «ይሄ ይሄዳል» ይላሉ። የተከራከራቸው የለም።

ሰይፊ ግን ያን ቀን፣ «ለልጄ እርስዎ አይመርጡላትም» አላቸው። «ክፍል ውስጥ ሌላውን ልጅ በሙሉ ስሙ ሲጠሩ፣ እኔን አንድ ቀን ታሽክራን ብለውኛል? ሒሳብ ስለማልችል አፍረውብኝ ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ጠረጉ። ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። በሦስተኛው ቀን ሻይ ሲለቅሙ ማሳው ውስጥ ወደቁ።

በስድስተኛው ቀን ሻይ ቅጠል የሚጭነው ሹፌር ጀላል መጣ። ከሰይፊ ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል። የቤተሰቡ ስም ደሊ ነው፤ እብድ ማለት።

«አላህ ያጽናህ» ብሎ አጠገቡ ተቀመጠ። «መኪናዬ ላይ ስሜን በትልቁ ጽፌዋለሁ፣ አይተኸዋል? ጀላል ደሊ። ቀድመውኝ የሚያልፉ ሁሉ ይጠነቀቃሉ።»

ሰይፊ ፈገግ አለ።

«ያኔ ግን ብጠራበት እሞት ነበር» አለ ጀላል። «አባትህ ዐወቁ። ከሠላሳ አራት ልጅ እኔን በስሜ ብቻ ጠሩኝ። ብቻዬን ብሆን ይባስ ይሳቅብኝ ነበር። ስለዚህ አንተንም ጨመሩ። ልጆቹ ለምን ብለው ሲጠይቁ፣ ‹ሁለቱ የቤት ልጆች ናቸው› አሉ። አምስት ዓመት ሙሉ የመምህሩ ልጅ መስዬ ኖርኩ።»

ሰይፊ የሻይ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ምነው? አልነገሩህም እንዴ?»

«አልነገሩኝም።»

ጀላል ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ። «እኔ ደግሞ የምታውቅ መስሎኝ ነበር። የእሳቸው ነገር፣ ወንድሜ።»

በሰባተኛው ቀን ጸሎቱ አለቀ። ሰይፊ ልጁን ከነርሚን ተቀበለ። በቀኝ ጆሮዋ አዛን አደረሰ፤ በግራዋ ኢቃማ፣ ሁለተኛውን የሶላት ጥሪ። ከዚያ «ስምሽ ላሌ ነው» አላት፤ ሦስት ጊዜ።

አክስት ዘሊሃ ልጅቱን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ። አልሰጣቸውም። የቤተሰብ ስም በጆሮ አይባልም፤ ልማድ አይደለም። እሱ ግን ቀና ብሎ፣ ድምፁን አውጥቶ፣

«ላሌ ታሽክራን» ሲል ጠራ።

ልጅቱ ተኝታለች። ጥቂት ጠበቀ።

«አለሁ» አለ ራሱ።