በቀለበት የተመታው ግድግዳ

በያጁ እንደ ባል ተቀምጧል። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ። ለቅሶ የመጣ ሁሉ አስቀድሞ እሱን ያቅፋል። «እግዜር ያጽናህ» ሲሉት አንገቱን ይሰብራል፤ ብየዳ ያጠቆራቸው ጣቶቹ ባዶውን የሻይ ብርጭቆ ያሽከረክራሉ።

«ቅጂለት እንጂ» አለች የግቢው ባለቤት፣ ሴቶቹ ሁሉ እትዬ የሚሏት። «ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ምስኪን።»

ጆሮ ፔርሙሱን አንስታ ቀዳችለት። ጆሮ የእናት ስሟ አይደለም፣ ሟቿ ያወጣችላት ነው። ሟቿንም በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ አለቃ ነበር የምትባለው። ሁለቱም እትዬ ግቢ ክፍል ተከራይተው፣ ወንድ እያስገቡ የሚኖሩ ሴቶች ነበሩ። ክፍላቸው ጎን ለጎን ነው፤ የሚለያያቸው አንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ብቻ።

ጥግ ላይ የተቀመጡ ሁለት ጎረቤቶች ይንሾካሾካሉ።

«ሳንባ ነው አሉ።»

«ሳንባማ ሰበብ ነው፣ እቴ።»

ጆሮ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ብርጭቆ ሰብስባ ወደ ጓሮ ወጣች።

ግድግዳውን ሥራ ያስያዘችው አለቃ ነበረች። ጆሮ ለግቢው እንግዳ ሳለች አንድ የሰከረ ደንበኛ ኮንዶሙን ወርውሮ አንገቷን አነቃት። አለቃ በሩን በርግዳ ገብታ፣ ሰውየውን ጫማውን በእጁ አስይዛ አስወጣችው። ሲነጋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣

«ስሚ» አለቻት፣ «ሰው ስታስገቢ ኮንዶም ማድረጉን በዓይንሽ ታያለሽ። አይተሽ ስታበቂ ግድግዳውን ሁለቴ ታንኳኪያለሽ። ካላንኳኳሽ እመጣለሁ። እኔም አንኳኳለሁ፤ ካላንኳኳሁ ትመጫለሽ።»

«ደንበኛው ምንድነው ቢለኝስ?»

«ቤቱ አይጥ በዝቶበታል በይው።»

ነገሩ ግቢውን ሁሉ አዳረሰ። ጨምሬ ልክፈልሽ የሚል መጣ፣ ንጹሕ ነኝ ብሎ የሚምል መጣ፣ ጠጥቶ የሚያስቸግር መጣ፤ ግድግዳውን ማንኳኳት ግን አልቀረም። የጆሮ ጆሮ ደግሞ የአለቃን ድምፅ ሳይሰማ እንቅልፍ አይወስደውም። ስሙም የወጣው በዚሁ ነው።

በያጁ መጀመሪያ የመጣው የግቢውን በር ሊበይድ ነበር። በሩ አለቀ፣ እሱ ቀረ። ከብረት ቁራጭ ራሱ ቀጥቅጦ ለአለቃ ቀለበት ሠራላት። ከዚያ ወዲህ የአለቃ ማንኳኳት ድምፁ ተለወጠ፤ ቀጭን ሆነ፣ የብረት ሆነ። እሱ ባደረ ቁጥርም ይሰማ ነበር።

«ለባልም ይንኳኳል እንዴ?» ብላ ነበር ሚጢጢ፣ ሌላዋ የግቢው ተከራይ፣ አንድ ቀን።

«ለባልማ ይበልጥ» አለች አለቃ። «ደንበኛ ይሄዳል። የሚቆየው ባል ነው።»

ሚጢጢ የሚሏት ቁመቷ አጭር ስለሆነ ነው እንጂ ሃያዎቹን አጋምሳለች። አሁን ጓሮ ቁጢጥ ብላ ጆሮ የምታመጣውን ብርጭቆ ታጥባለች።

«ሹፌሬ ነዘነዘኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ላገባሽ ነው፣ እንደ ደንበኛ አትይኝ፣ ካመንሽኝ ኮንዶሙን ተይው ይለኛል። አለቃ ግን ለባሏም ታንኳኳ ነበር፣ አይደል?»

«ታንኳኳ ነበር።»

«አንቺ ሰምተሻል?»

«በእነዚህ ጆሮዎቼ።»

ሚጢጢ አንዷን ብርጭቆ ደጋግማ ስታጥብ ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ሰው ቀዝቀዝ አለ። እትዬ ጋደም አለች። በያጁና ጆሮ ብቻቸውን ቀሩ።

«አንቺ እህቷ ነሽ» አለ በያጁ። «ላንቺ ያልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። እኛ የእውነት ባልና ሚስት ነበርን። ከመጀመሪያውም ኮንዶም የሚባል ነገር በመሃላችን አልገባም።»

ጆሮ እሱ የተሳሳተ መሰላት። «ታንኳኳ ነበር እኮ።»

በለቅሶው ውስጥ ፈገግ አለ። «እሱማ ላንቺ ነው። ‹ጆሮዬ እንዳትሰጋብኝ› ትልና በቀለበቷ ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለች። ከዚያ አፏን በትራስ አፍና ትስቃለች።»

ከነገሩ ሁሉ የወጋት ሳቋ ነው። እዚህ ማዶ እሷ እፎይ ብላ ስትገላበጥ፣ እዚያ ማዶ በትራስ ታፍኖ ሲሳቅ።

«አንተስ?» አለች። «ተመርምረሃል?»

ብርጭቆው መሽከርከሩን አቆመ።

«እሷን ከማወቄ በፊት ነው ቫይረሱ እንዳለብኝ ያወቅሁት። መድኃኒትም ጀምሬ ነበር። እዚህ ማደር ስጀምር የት ላስቀምጠው? ካየችው ታባርረኛለች ብዬ … ተውኩት።»

«የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሁልጊዜ የምትለውን አልሰማህም? በወጉ የወሰደ ራሱም ይኖራል፣ ለሌላም አያስተላልፍም።»

«ልነግራት ነበር።»

«መቼ?»

ጆሮ ብርጭቆውን ከእጁ ወሰደች፤ ሌላ ግን አልቀዳችለትም።

«ነገ እዚህ አትምጣ» አለችው። «ሄደህ መድኃኒትህን ጀምር። ሁለተኛ ለቅሶ መቀመጥ አልችልም።»

እሱ ከሄደ በኋላ ወደ አለቃ ክፍል ገባች። የሚገርመው፣ የተቃጠለችው በእሱ አልነበረም። ወንድ ዋሸ ማለት ዝናብ ዘነበ ማለት ነው፤ ጃንጥላ ያልያዘ ይበሰብሳል። ጃንጥላውን ያስያዘቻት ሴት ናት ያቃጠለቻት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

እያንዳንዷን ነገር መልሳ ታስበው ጀመር። አለቃ ሴቶቹን ሰብስባ ወደ ነርሷ ስትወስድ፣ ራሷ ከውጭ አግዳሚው ላይ ቦርሳቸውን ታቅፋ ትቀመጥ ነበር። «እኔማ ቀድሜያችሁ ጨርሻለሁ» ትላለች። ሳሉ ሲበረታባት፣ እንሂድ ብላ ጆሮ ስትለምናት ደግሞ፣ «እኔ ላይ ቢገኝ ማን ይሰማኛል፣ ጆሮዬ?» ብላ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ጆሮም አብራ ስቃ ነበር።

አልጋውን ሳብ አድርጋ ግድግዳውን አየችው። ስንት ዘመን ከማዶ የሰማችው ድምፅ ቦታው ይኸውና፤ ቀለሙ ተልጦ፣ ጣውላው ጎድጉዷል። ጣቷን ከተተችበት። ልክ ገባ።

«አልጋውን ላግዝሽ?» ሚጢጢ በሩ ላይ ቆማለች።

ጆሮ ሁለት ምርጫ ነበራት። ዝም ብትል፣ አለቃ በግቢው እንደተከበረች ትቀራለች፣ ሚጢጢም በእሷ ተደግፋ ሹፌሩን እምቢ ትላለች። ብትናገር፣ «እሷ እንኳን ካላደረገችው …» ሊባል ነው። ሙትን ማማት ደግሞ ነውር ነው። ግን ይህ ግድግዳ ስንት ውሸት ችሏል?

«ሚጢጢ» አለች፣ «ቅድም የነገርኩሽ ልክ አይደለም። ለባሏ በውሸት ነበር የምታንኳኳው። እኔን ለማስተኛት። በሽታውም ከእሱ ነው የመጣው፣ እያወቀ ደብቋት። እሷም ሳትመረመር ሞተች፣ እኛን አፍራ።»

ሚጢጢ ገብታ የአለቃን ትራስ ከአልጋው አንስታ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

«እኔም» አለች፣ «ለሹፌሬ … ካለፈው ወር ጀምሮ ዝም ብዬ ነው የማንኳኳው። እትዬ ትሰማለች፣ ደስ ይላታል። ቅድም የጠየቅሁሽ እሷ የእውነት አድርጋው ከሆነ ላፍር ብዬ ነበር።»

ጆሮ አልተቆጣችም። ጎኗ ተቀመጠች። ሁለቱም ያቺን ጎድጓዳ ሲያዩ ቆዩ።

«ጫማሽን አድርጊ» አለች በመጨረሻ።

«ለቅሶውስ?»

«ለቅሶው ነው የሚወስደን።»

ከጤና ጣቢያው የነርሷ ክፍል ውጭ ያ አግዳሚ አለ። አለቃ ትቀመጥበት የነበረው ጫፍ ከመቀመጥ ብዛት ልሟል። ሚጢጢ ቦርሳዋን ለጆሮ ዘረጋች፣ እንደ ልማዳቸው፣ አንዷ ይዛ ውጭ እንድትቀር።

ጆሮ አልተቀበለቻትም።

«ይዘሽው ግቢ» አለች። «እኔም እገባለሁ።»

አግዳሚውን በእጇ መዳፍ አንዴ ዳበስ አደረገችው፣ አቧራ እንደሚጠርግ ሰው። ከዚያ ወደ በሩ ዞራ፣ ቀለበት በሌለው ጣቷ ሁለቴ አንኳኳች።

«ግቡ» አለ ከውስጥ የሰው ድምፅ።