ሁለቱም ፋይበር በአንድ ቦይ

«አትስጊ፣ መጠባበቂያ መስመር አለን» እያሉ መሐንዲሶቹ ሲያደነቁሩኝ ከርመው፣ ለካ ሁለቱንም የፋይበር ገመድ ሐዲዱ ዳር አንድ ቦይ ውስጥ ነው የቀበሩት! ያውም የተበጠሱት ድምፃችንን በአየር ከማማ ወደ ማማ ያደርስ የነበረው አሮጌው ማይክሮዌቭ በሚነቀልበት ቀን።

ሥራዬ ባቡሮችን በሬዲዮ ማዘዝ ነው። ሐዲዱ ዳር የሚቆፍሩት ሠራተኞች አለቃ በሞባይል ደወለልኝ።

«እስካቫተሩ ገመዶቹን በጥሶ ሐዲዱ ላይ ተገለበጠ። ሹፌሩ ውስጡ ተይዟል። በፈጠረሽ፣ ባቡሩን አስቁሚልን!»

ወደዚያ የሚሄደው ባቡር ነዳጅ ጭኗል። የሚነዳው ደግሞ ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሬዲዮኑን አነሳሁ፤ ጭጭ። የእኔም ድምፅ ባቡሩ ዘንድ የሚደርሰው በዚያው በተበጠሰው ፋይበር ነዋ! ሞባይሉ ላይ እንዳልደውል፣ ሲነዳ ያጠፋዋል። ደንብ አክባሪነቱ አቤት ሲያበሳጨኝ!

ማማው ላይ ለወጣው ቴክኒሻን ደወልኩ። ጦጣው ነው የምንለው።

«ጦጣው፣ የማይክሮዌቩን ዲሽ አወረድከው?»

«ብሎኖቹን ፈትቼ በገመድ አንጠልጥዬዋለሁ። መሳሪያውን ላጠፋ ነበር።»

«እንዳትነካው! ዲሹን ወደነበረበት አዙረህ ያዝልኝ።»

«በእጄ? አብደሻል እንዴ?»

«ጋሼ ሊሞትብኝ ነው!»

ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም። ሲያቃስት ሰማሁት፤ ሬዲዮኑ ተንሿሿ።

«ጋሼ፣ ቁም! ሐዲዱ ላይ ሰው አለ!»

ነጂ የታዘዘውን መድገም አለበት። ጋሼ አልደገመም። እንደገና ጮህኩ።

«አዳልጦኝ ነው» አለ ጦጣው በስልኩ። «አሁን በትከሻዬ ደግፌዋለሁ፤ ቶሎ በይ!»

ለሦስተኛ ጊዜ ጮህኩ።

«ቁም ተብያለሁ። ሐዲዱ ላይ ሰው አለ። ፍሬን ይዣለሁ» አለ ጋሼ።

ግን የነዳጅ ባቡር በአንዴ አይቆምም። የብረቱ ጩኸት በሬዲዮኑ ሲመጣ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ማየት የምችለው ነገር ያለ ይመስል።

«ቆሜያለሁ። ሰውየው ይታየኛል፤ እጁን ያውለበልባል። ሌላ ትዕዛዝ?»

«ወርደህ አውጣው።»

«ወርጄ አወጣዋለሁ።»

ጦጣው «ትከሻዬ አለቀ፤ ልልቀቀው?» አለኝ።

«ጋሼ አወጣሁት ሳይለኝ ብትለቅ ወዮልህ!»

አልለቀቀም። እሱ እያቃሰተ፣ እኔ እያለቀስኩ ጠበቅን። በመጨረሻ ጋሼ እያለከለከ ወደ ሬዲዮኑ ተመለሰ።

«አወጣሁት። እግሩ ተሰብሯል። ሁላችንንም ይሳደባል።»

«ተመስገን» አልኩ፤ «ይሳደብ፣ ይሳደብ!»