በአንድ ዓይን

«ይሁዳ አደረግኸው እኮ» አሉ የለቅሶ ቤቱ ጎረቤት አቶ ለሜሳ፣ ንፍሯቸውን እያላመጡ።

ዓምሃ ብሩሹን እንደያዘ ቀረ። ትናንት የተቀበሩት ጋሽ መሸሻ ሸራው ላይ የቁስቋምን አቀበት ይወጣሉ፤ በጎን ተሥለው፣ ከባሕር ዛፉ ሥር አውራ ጣት አክለው። ርቀቱ ልክ ነው። የሚታየው ግን አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው።

የሟቹ ባለቤት እትዬ ደሳለች ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ መለሱ። ሥዕሉ ለነገው ሠልስት መድረስ አለበት። ሟቹ ፎቶ ተነሥተው አያውቁም፤ «ሠዓሊ ፎቶ ቤት ከሄደ፣ ጋጋሪ ዳቦ ለመነ ማለት ነው» ይሉ ነበር። ለእትዬ ደሳለች የሚቀርላቸው ፊት ይኸው ብቻ ነው። ሸራው የጋሽ መሸሻ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥራ ጠፍቶ ለቀበሌው መፈክር በሚጽፉበት ዘመን፣ በትርፍ ጊዜያቸው፣ ያለ ልማዳቸው ከተራራው ጀምረውት፣ ሰው ሳያስገቡበት ሞቱ።

ዓምሃን ሰው መሣል ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። «ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። በጎን የሚሣለው ከሐዲ ነው። መጀመሪያ ሰውየውን አቁመው፤ ተራራው ቦታውን አያጣም» ይሉት ነበር። ሌኒንግራድ ስድስት ዓመት ሙሉ ተቃራኒውን አስተማረችው፤ መጀመሪያ ተራራው ይለካል፣ ሰው ከዚያ ጣል ይደረጋል። አምና ሲመለስ ይህንኑ በኩራት አስረዳቸው።

ሰምተው ሲጨርሱ «እዚያ አገር ሰው ሲተላለፍ ሰላም አይባባልም እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ተቀየመ። እስከ ቀብራቸው ቀን ደጃቸውን አልረገጠም።

«አቶ ለሜሳ፣ ይኼ እኮ የርቀት ሕግ ነው» አለ አሁን።

«ይሁና፣ ልጄ። ግን ሰውዬው ምን በደልነው? ፊቱን ለምን አዞረብን?»

ዓምሃ ፊቱን ያዞረው ማን እንደሆነ ያውቃል።

ጋዝ በነካ ጨርቅ ምስሉን ጠረገውና እንደገና ጀመረ። ጋሽ መሸሻ አሁን አቀበቱን ይወርዳሉ፣ ወደሚያያቸው ሰው፤ ባሕር ዛፉ ከትከሻቸው አያልፍም። መምህሮቹ ቢያዩት ይስቁ ነበር። እሱም ልክ መሆኑን እርግጠኛ አልነበረም።

«እትዬ ደሳለች፣ እስኪ ይዩት።»

ቀረቡ። ሁለቱን ዓይኖች ተራ በተራ አዩ።

«ጢሙን አበዛኸው» አሉ በመጨረሻ፣ እጃቸውን ወደ ሥዕሉ ጉንጭ እየሰደዱ።

«አልደረቀም፣ ይለቃል...»

ነክተውት ነበር። ጣታቸው ጫፍ ላይ ቡናማ ቀለም ቀረ። አቶ ለሜሳ ጨርቁን ዘረጉላቸው። አልተቀበሉም፤ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ጨብጠው ወደ ለቀስተኛው ገቡ።