ጎንበስ እንዳይሉ

አማቴ እማማ ዘሊካ ዓይናቸውን ለመታከም እሺ ያሉት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እንቢ ብለው ከቆዩ በኋላ፣ አንድ ቀን ማለዳ በራችን ላይ የተኛውን የጎረቤት ውሻ «ፋዲላ፣ ምነው እዚህ ተጎልተሽ ቀረሽ? ሥራ የለሽም?» ብለው የተቆጡ ዕለት ነው።

እኔ ከጓዳ ሆኜ «እማማ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አልኳቸው።

ወደ ድምፄ ዞሩ። ከዚያ «ታዲያ ስጠራሽ ለምን ቶሎ አትመልሺም?» ብለው እኔኑ ተቆጡ።

በ1977 ዓ.ም. ነው። ቤታችን ኮተቤ፣ ከባሕር ዛፉ ጫካ ሥር ነበር። ባለቤቴ ይማም አሰብ እየተመላለሰ የጭነት መኪና ስለሚነዳ በወር ሁለቴ መጥቶ ይተኛል፣ ይበላል፣ ተመልሶ ይሄዳል። እኔ ጉርድ ሾላ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጽሕፈት መኪና እመታለሁ። ስለዚህ ሐኪም ቤቱም፣ ቀበሌውም፣ እማማም የእኔ ዕዳ ነበሩ ማለት ነው።

ሁለት ዓመት ያስፈራቸው የጎረቤታችን የዘውድነሽ ወሬ ነበር። «ዓይኑን ጎልጉለው አውጥተው ጉንጭ ላይ ያስቀምጡታል፤ በሳህን ውሃ አጥበው ይመልሱታል። ሲመልሱት ካጣመሙት ዕድሜ ልክሽን ጎንሽን ስታዪ ትኖሪያለሽ» ብላቸዋለች። ዘውድነሽ ይህንን ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኳት። «ሰው ሲያወራ» አለችኝ።

ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ዶክተር አካሉ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። በባትሪ ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን አየና «የዓይን ሞራ ነው። ግራው ቀርቷል ማለት ይቻላል፣ ቀኙ ግን ቆንጆ ሆኖ ይድናል» አለ።

«ታወጣዋለህ?» አሉት እማማ፣ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይዘው።

«ዓይንዎን አላወጣም። ከብሌኑ ጀርባ እንደ መስተዋት ጥርት ያለች ትንሽ ነገር አለች፤ ብርሃን የሚያልፈው በእሷ ነው። የደፈረሰችው እሷ ናት። ጠርዙ ላይ ትንሽ እከፍትና እሷን ብቻ አውጥቼ በቀጭን ክር እሰፋለሁ።»

«በምትኩስ ምን ታስገባበታለህ?»

«ምንም። በምትኩ ከውጭ መነጽር ያደርጋሉ።»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ፤ በእርግጥ የዞሩት ወደ ግድግዳው ነበር። «ሰማሽ? ዘውድነሽ የምታወራው ሁሉ ውሸት ነው» አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ያልኩትም ይህንኑ ነበር።

ከዚያ የወረቀቱ ጣጣ ተጀመረ። በነፃ ለመታከም የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ቀበሌ ስሄድ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ናቸው። በማግስቱ ስሄድ ሊቀመንበሩ አሉ፣ ማኅተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ነው። በአራተኛው ቀን ሁለቱም ተገኙና የእማማን ስም «ዘለቃ» ብለው ጻፉት፤ ሆስፒታሉ ይህቺን ሴት አላውቃትም አለ። ተመለስኩ። ማኅተሙ ስብሰባ ነበር። የመሥሪያ ቤት አለቃዬ ጓድ ኢዶሳ ፈቃድ በጠየቅኩት ቁጥር መነጽሩን አውልቆ «ጓዲት ፋዲላ፣ ይህ ዓይን የአንቺ ነው ወይስ የሌላ?» ይለኛል። የሌላ ነው ስለው «እኮ!» ይላል፣ ነገሩ ያለቀ ይመስል።

ደብዳቤው ተስተካክሎ፣ አልጋ ተገኝቶ፣ ቀኑ እስኪቆረጥ አራት ወር ሄደ።

በቀዶ ጥገናው ዕለት ኮሪደር ላይ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። የሚያደነዝዘው መርፌ ዓይናቸው አጠገብ ሲወጋ ካመማቸው በስተቀር ሌላው ሕመም እንዳልነበረው በኋላ ነግረውኛል። ነቅተው ነበር፤ ድምፅ ይሰማሉ፣ የመብራቱን ጭላንጭል ያያሉ። ችግሩ መንቃታቸው ነበር። ዶክተር አካሉ ሲወጣ ላብ በላብ ሆኖ ነው።

«በደህና አለቀ» አለኝ። «ግን እናታችሁ መሐል ላይ ‹ልጄ፣ አግብተሃል ወይ?› ብለው ጠየቁኝ። አይናገሩ ስላቸው ‹ምላስ ከዓይን ጋር ምን አገናኘው?› ይሉኛል።»

አምስት ቀን በጀርባቸው ተኙ። ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ፣ ራሳቸው እንዳይነቃነቅ ግራና ቀኝ የአሸዋ ከረጢት ተደርጎላቸው ነበር። እኔ ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ማታ ከሥራ በኋላ እየሄድኩ በማንኪያ አጎርሳቸዋለሁ። «አጥሚቱ ቀጥኗል» ይላሉ። በማግስቱ አወፍረዋለሁ። «ዛሬ ሲሚንቶ ነው እንዴ ያመጣሽው?» ይላሉ። ከዚያ ደግሞ አጠገባቸው የተኛችው ሴት ማን እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች፣ ለምን እንደምታቃስት እያየሁ እንድነግራቸው ይፈልጋሉ፤ ሴትየዋ እየሰማች።

በአምስተኛው ቀን ፋሻው ተፈታ። እማማ ዓይናቸውን አርገበገቡ።

«ምን ይታይዎታል?» አለ ዶክተሩ።

«ብርሃን አለ። ነጭ ልብስ አለ። ሌላው ሁሉ ውሃ ውስጥ የገባ ነው።» በእጃቸው ፈለጉኝ። «ፋዲላ፣ ተጫወቱብኝ።»

ዶክተሩ ቁጭ ብሎ አስረዳቸው። ያቺ የወጣችው ነገር ነበረች ምስሉን የምታጠራው፤ አሁን ያንን የሚሠራው መነጽሩ ነው። መነጽሩ ግን ስፌቱ ጠግጎ ዓይኑ እስኪረጋ፣ ሁለት ወር ያህል መጠበቅ አለበት። «ይህ ብዥታ የሚጠበቅ ነው፤ አይዘኑ» አላቸው። እኔም ከቀዶ ጥገናው በፊት ይህንን ብነግራቸው ኖሮ ብዬ ራሴን ወቀስኩ፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ ነግሬያቸው እንደነበር ትዝ አለኝ።

ስንወጣ ነርሷ፣ ሲስተር ብዙነሽ፣ በር ላይ አስቁማ እንደ ወታደር አዘዘች። «እማማ፣ ለስድስት ሳምንት ጎንበስ እንዳይሉ። ከባድ ነገር እንዳያነሱ። ዓይንዎን እንዳያሹ። ራስዎን እንዳይታጠቡ። ሲተኙ ይህችን የቆርቆሮ መከለያ ዓይንዎ ላይ ያሥሩ፣ በቀኝ ጎንዎ አይተኙ። ጠብታው በቀን አራት ጊዜ። ማስነጠስ ከመጣ አፍዎን ከፍተው ያስነጥሱ። ሲሰግዱም ተቀምጠው።»

እማማ እስከ ማስነጠሱ ድረስ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። የመጨረሻዋን ሲሰሙ መነቅነቁን አቆሙ።

አውቶቡስ ውስጥ «ተቀምጠው አለች?» አሉኝ።

«አዎ እማማ። ግንባር መሬት ሲነካ ደም ወደ ዓይን ይወርዳል፣ ስፌቱ ይበጠሳል።»

«አርባ ዓመት ተደፍቼ የሰገድኩ ሴትዮ አሁን እንደ ባላባት ተጎልቼ?»

«ለስድስት ሳምንት ብቻ።»

«አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ሼህ የሆንሽው?»

ቤት እንደገባን ሰባት ቀን ሰላም ሆነ፤ ሰላም ካሉት። የላምባ ምድጃው ጨሰ ብለው ጎንበስ ብለው እፍ ሊሉ ሲሉ ቀሚሳቸውን ይዤ መለስኳቸው። ጀሪካን ሊያነሱ ሲሉ ነጠቅኳቸው። ጠብታውን ሳደርግላቸው ዓይናቸውን ጭምቅ አድርገው ይዘጉና ጉንጫቸው ላይ ሲወርድ «አባከንሽው» ይሉኛል። ወደ ሥራ ስሄድ ዘውድነሽን እንድትጠብቃቸው አደራ እላታለሁ፤ ዘውድነሽም ትመጣለች፣ ግን ስትመጣ ወሬ ይዛ ነው።

በአሥረኛው ቀን የቢሮ ቁልፍ ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። በሩን ከፍቼ ስገባ እማማ ምንጣፉ ላይ ናቸው፣ ግንባራቸው መሬት ነክቶ፣ መቀመጫቸው ወደ ላይ።

ሰላት ላይ ያለ ሰው አይጮኽበትም። ቆሜ ጠበቅኩ። ሲጨርሱ ራሳቸውን ቀና አደረጉና የጫማዬን ድምፅ ሰምተው «ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ! እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ዛሬ ብቻ ነው» አሉ። ፊታቸውን ሳይ ዛሬ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዓይናቸው እንደ በርበሬ ቀላ። ራሳቸውን ይዘው «ይወጋኛል» አሉ፤ ብርሃኑም እንደ ደመና ጠቆረባቸው። ያኔ ደነገጡ። እኔም ደነገጥኩ፤ ንዴቴም ድንጋጤዬም ተደባልቆ ነጠላቸውን ገልብጬ አለበስኳቸው። አውቶቡሱ ጭራሽ የሚንቀሳቀስ አይመስልም ነበር። እማማ መንገዱን ሁሉ እጄን ጨብጠው አንድ ቃል ሳይናገሩ ሄዱ። እሳቸው ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም።

ዶክተር አካሉ መረመራቸው። «ዓይኑ ውስጥ ትንሽ ደም ፈሷል። ጎንበስ ብለዋል?»

«ኧረ አላልኩም» አሉ።

«ብለዋል!» አልኩ። ድምፄ ኮሪደሩን አልፎ ሄደ መሰለኝ፤ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ወደ በሩ ዘወር አሉ። «በቀን አምስት ጊዜ ብለዋል! አሥር ቀን ሙሉ! እኔ ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ፣ አራት ወር ማኅተም ስለምን ኖሬ፣ በማንኪያ አጉርሼ… ይህን ሁሉ ለእርስዎ ዓይን ብዬ፣ እርስዎ ግን ሐኪሙን ይዋሹታል!»

ከዚያ አለቀስኩ። ሲስተር ብዙነሽ ውሃ ሰጠችኝ። ዶክተሩ ስፌቱ አለመበጠሱን፣ ደሙ በራሱ እንደሚመጠጥ፣ ሆኖም አንድ ሳምንት ትራስ ከፍ አድርገው ተኝተው እንዲቆዩ ነገራቸው። «አሁንስ ዕድል ቀናዎት። ሁለተኛ ጊዜ ግን ዓይኑ ላይኖር ይችላል» አላቸው።

እማማ ሦስት ቀን አኮረፉኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ዐረፍኩ።

በአራተኛው ቀን ታናሽ ወንድማቸውን ሼህ አብዱልሰላምን ከካራ አስጠራኋቸው። ሼሁ ገና ምርኩዛቸውን ሳያስቀምጡ ነገርኳቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እታለም» አሏቸው፣ «መቆም ያልቻለ ተቀምጦ ይሰግዳል። መቀመጥ ያልቻለ ተጋድሞ። ራስሽን ትንሽ ዘንበል ካደረግሽ በቂሽ ነው። አላህ ገር ያደረገውን አንቺ አታክብጂው።»

እማማ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ከዚያ በምሬት «ታዲያ እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው መች አለ?» አሉ።

እኔ ጓሮ ወጥቼ የታጠበውን ልብስ ከገመድ ላይ አውርጄ እንደገና ማጠብ ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ ግን ተቀምጠው ሰገዱ። ቅላቱ እየቀነሰ፣ ብርሃኑም እየተመለሰ ሄደ። መነጽሩ በሁለት ወር ፋንታ በሦስት ወር ተኩል ደረሰ፤ ከውጭ የሚመጣው ሌንስ አልቆ ነበር። የመነጽሩ ወፈር የጠርሙስ ቂጥ ያህላል። ሲያደርጉት ዓይናቸው ፊታቸውን ሞላው።

የመጀመሪያው ሳምንት ስቃይ ነበር። ሁሉም ነገር ገዝፎና ቀርቦ ስለሚታያቸው፣ ትንሿን ቦይ ወንዝ የሚሻገሩ ይመስል ዘለው ያልፏታል። ሻዩን ከስኒው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ይቀዳሉ፤ ከዚያ «ስኒውን ማን አንቀሳቀሰው?» ይላሉ። ዶክተሩ ዓይን እስኪለምደው ጊዜ እንደሚወስድ ነግሮናል። እኔን የነገረኝ ነው እንጂ እሳቸው አልሰሙም።

መነጽሩን ይዘን በተመለስንበት ዕለት አመሻሽ ላይ ግን፣ በር ላይ ከሚገባው ብርሃን ፊት አቆሙኝና ፊቴን አዩት። በጣታቸው ግንባሬን፣ ከዚያ ጠጉሬን ነኩ።

«ሽበት አብቅለሻል» አሉ።

«አዎ እማማ።»

«ከስተሻልም።»

እማማ መነጽሩን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉት። «ወደዚህ ቤት ስትገቢ ሃያ ዓመትሽ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በቅጡ አላየሁሽም። እኔ እኮ እስከ ዛሬ የምቆጣው ያችን ልጅ ነው።» ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ይማም ሲመጣ እነግረዋለሁ። ይህች ልጅ ትንሽ ትረፍ።»

ሻይ ልጥድ ዞር ስል እማማ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«ይህ ሁሉ ጥላሸት ግን ምንድነው?» አሉ።

ነገሩ በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። በወሩ ግን የቀበሌው ጥበቃ ወረቀት ይዞ መጣ። እማማ ማየት ስለጀመሩ ከመሠረተ ትምህርት የሚቀሩበት ምክንያት የለም፤ ከሰኞ ጀምሮ እንዲመዘገቡ፣ የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳር እንደማይሰጠው ይላል። ስማቸው ተስተካክሎ ነበር የተጻፈው። እኔ ስቆጣ እማማ ደብተር ግዢልኝ አሉኝ።

ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ። አስተማሪዋ የዛሬ ልጅ ናት፤ «ይህቺ ‹መ› ተንጋዳለች» ብለው ያርሟታል። ማታ የቤት ሥራውን አብሬ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ቀን ሙሉ ፊደል ስመታ ውዬ ማታ ደግሞ ፊደል። በአምስት ወር ፈተናውን አለፉና ያዩትን ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ፤ የስኳር ከረጢት፣ የአውቶቡስ ቁጥር፣ የሱቅ በር።

አንድ ጠዋት ለዓይናቸው ምርመራ ሆስፒታል ስወስዳቸው አውቶቡሱ መጣ። እማማ አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ጀምረው ነበር። «ተፈ… ጥሮን… በቁ… ጥጥ… ራችን…»

«እማማ፣ አውቶቡሱ!»

«ቆይ እንጂ፣ ልጨርሰው! …ሥር እናው… ላለን።» ወደ እኔ ዞሩ። «ማን ነው የሚቆጣጠረው? ዝናቡን ነው?»

«ዝም ይበሉ እማማ! ሰው ይሰማናል!»

ዙሪያዬን አየሁ፤ የሰማ አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ተሳፍሮ ሄዷል፤ አውቶቡሱም በአቧራ ውስጥ ወደ መገናኛ ቁልቁል ይወርድ ነበር። እማማ መነጽራቸውን አስተካክለው የኋላውን ቁጥር እስኪሰወር ድረስ አነበቡልኝ።