ፍላሹን አላውቅም ያለችው ላፕቶፕ

«ሊኑክስ ፍላሽ ይበላል» ይላል አበባው። ጠዋት የፎቶ ኮፒ ቤቱን ሲከፍት ይላል፤ ደንበኛ ሲሸኝ ይላል፤ ሰሚ ሲያጣ ለበሩ ይነግረዋል። ደብረ ማርቆስ ላይ የአንድ ጤና መኮንን የሦስት ዓመት ጥናት እንዲሁ ተውጦ ቀረ ነው ወሬው። ማን ነገረህ ሲሉት፣ የነጋሪው ስም በየሳምንቱ ይለወጣል።

ጎረቤቱ ጸሐፊዋ እስከዳር ከግድግዳው ማዶ ሆና «ያንተ ማሽን ወረቀት ሲበላ ማን አወራብህ?» ትለዋለች። ይጁቤ ከተማ ውስጥ ከእሷ በቀር በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫነ የለም። ኮሌጅ ሳትረግጥ፣ አስተማሪ ሳይኖራት፣ በቫይረስ የተጨማለቀችውን አሮጌ ሚኒ ላፕቶፕ ጠራርጋ አዲስ ሲስተም የጫነችባት ቀን፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲያይላት የጽሕፈት ቤቷን በር ወለል አድርጋ ነበር የዋለችው።

ሐሙስ ጠዋት ግን በሩን ገርበብ አድርጋዋለች።

አግዳሚው ላይ የቅኔ መምህሩ የኔታ ገዳሙ ተቀምጠዋል። መምህራቸው በቃል ያወረሷቸውን፣ ዛሬ ከእርሳቸው በቀር ሌላ ሰው የማያውቃቸውን ቅኔዎች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እየነገሯት በዚህች ላፕቶፕ ጽፋለች። ደብረ ማርቆስ ያለው ማተሚያ ቤት ደግሞ እስከ ነገ ጠዋት ካልደረሰኝ ተራውን ለሌላ እሰጣለሁ ብሏል። ተዘግቶ የከረመው መንገድ የተከፈተው ለዛሬ ብቻ ነው፤ ሚኒባሱ አምስት ሰዓት ላይ ይነሣል። የኔታ ባዶ ፍላሽ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር የመጡት። አሁን ክሩ በላፕቶፗ ጎን ተንዘላዝሏል። ፍላሹ ይበራል፤ ላፕቶፗ ግን አላውቀውም ብላለች።

እስከዳር ትእዛዝ ጻፈች። የተሰካው ዕቃ ስም ስክሪኑ ላይ መጣ፤ ፋይል የሚገለበጥበት ቦታ ግን የለም። እንግዳውን በስሙ ጠርቶ በሩን የማይከፍት ባለቤት ማለት ይኸው ነው። በሌላኛው ቀዳዳ ሰካችው፤ ያው። የራሷን ፍላሽ ሰካች፤ ያው። በወረቀት ላትምልዎ ብላ ፕሪንተሩን ብትሰካ እሱም ያው።

እስከ ማክሰኞ ድረስ እንዲህ አልነበረችም። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዳታ ለአንድ ሰዓት ያህል ብልጭ ቢል፣ ስልኳን በገመድ አገናኝታ ሲስተሙን አድሳው ነበር። ዳታው ያኔውኑ ጠፋ። አሁን እድሳቱን ልሽረው ብትል ኢንተርኔት ይጠይቃታል። መብራት እንኳ ደግነቱ ከሰኞ ጀምሮ አልሄደም፤ እሷም ላፕቶፗን አላጠፋችም። መብራት እያለ ማሽን የሚያጠፋ፣ እርጥቡን መሬት ትቶ በሬ የሚፈታ ገበሬ ነው።

«ልጄ፣ በላችው እንዴ?» አሉ የኔታ ቀስ ብለው።

«አትበላም የኔታ። አኩርፋ ነው።»

«ታዲያ አስታራቂ ሽማግሌ የላትም?»

አበባው አንገቱን በበሩ አሰገገ። «ብዬ ነበር እኮ! ያ የማርቆሱ ጤና መኮንንም ልክ እንዲህ...»

«አበባው፣ ምላስህን ፎቶ ኮፒ አድርገህ ለገበያ አውጣት። እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ዓይኗ ከሰዓቱ ላይ አልተነቀለም። አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። ያነበበችውን፣ ያየችውን፣ የገመተችውን ሁሉ ሞከረች። አንዱ መንገድ ሌላውን ይዘጋዋል፤ ሌላው መልሶ እዚያው የፍላሹ ስም ላይ ያደርሳታል። መናኸሪያው በኩል የሚኒባሱ ጥሩምባ ተሰማ። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

እስከዳር መሰኪያውን ከግድግዳው ነቀለች። ላፕቶፗን ከነገመዷ፣ ከነፍላሹ በሻርፗ ጠቅልላ እጃቸው ላይ አኖረቻት።

«እሷኑ ይዘዋት ይሂዱ። ማተሚያ ቤቱ ከራሷ ላይ ያውጣው።»

«እንጀራሽ አይደለችም እንዴ?»

«ሁለት ዓመት የለፋንበትን ሥራ አኩራፊ ዕቃ ሲያስቀረው ቆሜ አላይም። በሉ፣ መኪናው ያመልጥዎታል!»

ከሰዓት በኋላ ደንበኛ በደንበኛ ላይ መጣ፤ ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ የሥራ ልምድ የሚያስተካክል። ሁሉንም መለሰች። ባዶው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ መብራቱን ስታየው ዋለች፤ እሱም እልህ የተጋባት ይመስል ሳይጠፋ ዋለ። ዓርብ ሲነጋ መንገዱ ተዘግቶ አደረ ተባለ። እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

አራት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። አሸናፊ እባላለሁ፣ ከማተሚያ ቤቱ ነኝ አለ።

«ቅኔው ደርሶናል፣ ሥራ ላይ ነው። የኔታም ደኅና ናቸው። ግን እኚህን ሽማግሌ ላፕቶፕ ማሸከም ምን የሚሉት ነው?»

«ፍላሽ አላነብ ብላኝ ነዋ!»

«ኧረ ታነባለች። ባትሪዋ መንገድ ላይ አልቆ ጠፍታ ነው የደረሰችኝ። ሰክቼ ባስነሣት የየኔታን ፍላሽ ወዲያው ከፈተችው። እድሳት ተጭኖባት ሳትጠፋ የቆየች ናት፤ አዲሱ ሥራ የሚጀምረው ግን ጠፍታ ስትነሣ ነው፤ አንዴ አጥፍተሽ ብታስነሻት ኖሮ ይበቃት ነበር።»