ከአርባ ጥያቄ ሁለት ኮከብ

ቤርሳቤህን ስታትስቲክስ ያስተማራት የለም። ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ጠባብ ቤት የሰው መመረቂያ ጽሑፍ እየተየበች፣ ያልገባትን ሠንጠረዥ ሁሉ እየቆፈረች ራሷ ናት የተማረችው። ለዚህም ነው ባለ ዲግሪ ሲሳሳት ምሕረት የማታውቀው።

የዛሬው ባለ ዲግሪ ሞቱማ ነው፤ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ሐሙስ የማስተርስ ጽሑፉን ፈታኞች ፊት የሚያቀርብ። ስለ ሕፃናት ክትባት በስልክ መልእክት የተላከላቸውንና ያልተላከላቸውን እናቶች በአርባ ጥያቄ አወዳድሯል። ከአርባው ሁለቱ ብቻ፣ ኮምፒውተሩ «ልዩነት አለ» ሲል የሚያኖረውን ኮከብ አግኝተዋል።

«በቃ፣ ሁለቱን አቆዪና ሠላሳ ስምንቱን አጥፊልኝ» አለ። «አማካሪዬ ያለ ኮከብ እንዳትመጣ ብሎኛል።»

«ሁለቱ ምን እንደሆኑ አይተሃል? አንዱ ሬዲዮ ማዳመጥ፣ ሌላው የእግር እብጠት! የክትባት መልእክት እብጠት ይቀንሳል ልትል ነው?»

«ኮምፒውተሩ ካለ አለ ነው፣ ቤርሲዬ።»

«ቤርሲዬ አትበለኝ! ልዩነት በሌለበት እንኳ ከሃያ ፈተና አንዱ እንዲሁ በአጋጣሚ ኮከብ ያወጣል። አርባ ፈተንክ፣ ሁለት ወጣ። ታዲያ ምን አገኘህ?»

ሦስተኛ ጊዜዋ ነው ስታስረዳው። አልገባውም። በንዴት እናቶቹን እንደ አዲስ ከፈለቻቸው፤ የመጠይቅ ቁጥራቸው ጎዶሎ የሆነ ወዲህ፣ ሙሉ የሆነ ወዲያ። አርባውንም ፈተነች። ሦስት ኮከብ።

የሞቱማ ፊት በራ። «ይሄ ይሻላላ! ይሄን እናስገባው።»

ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ሰውዬ፣ የመጠይቅ ቁጥር እኮ ነው! እስክሪብቶ ይዘህ የጻፍከው አንተ!»

ሞቱማ ሦስቱን ኮከቦች አየና «ታዲያ የቱን ልመን?» አለ።

«ፕሮፖዛልህ ላይ ዋና ጥያቄዬ ብለህ የጻፍከው የትኛውን ነው?»

«እናትየዋ ልጇን በቀጠሮው ቀን አስከትባ እንደሆነ።»

እናቶቹን ወደ ቀድሞው ምድባቸው መልሳ ያን ጥያቄ ለብቻው ፈተነችው፤ ልዩነት የለም። የቀሩትን ብዙ ፈተና ሲደረግ የአጋጣሚ ኮከብ በሚያጣራው ጠበቅ ያለ ወንፊት አሳለፈቻቸው፤ ሁለቱም ኮከቦች ረገፉ።

«ሁለት ዓመት ለፍቼ ሐሙስ ምን ልበል?»

«ልዩነት አላየሁም በል። መልእክቱ አይሠራም አትበል፤ አላየሁም። ያየኸው ይሄ ነዋ!»

«ይጥሉኛል።»

«ኮከቦቹን ብታቀርብና ስለ እግር እብጠቱ ቢጠይቁህስ?»

ስልኩን አወጣና አማካሪው ጋ ደወለ። «አዎ ዶክተር… የለም፣ ኮከብ የለውም… አይ፣ አልጠፋም፤ ድሮም አልነበረም።» ብዙ አዳመጠና ዘጋው። «አሁኑኑ መጥተህ አሳምነኝ አለ። ቤርሳቤህ፣ በእናትሽ፣ አንቺ ነይና አስረጂልኝ።»

ኮምፒውተሩን አጠፋችና ጃኬቷን አነሳች።

«ታክሲ ውስጥ አንተ ለእኔ ታስረዳኛለህ። ከተሳሳትክ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ጥዬህ ነው የምወርደው።»